የመኪና ጌጥ መብራትና የተዘለለው ፊውዝ

አዲስ አበባ ላይ ሲመሽ ከታክሲውም ከቤት መኪናውም ሥር ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን አስፋልቱ ላይ ፈሶ ማየት የተለመደ ሆኗል። ጀርባው ማጣበቂያ ያለው የኤልኢዲ ጥቅልል ርካሽ ነው፤ መለጠፉም ጊዜ አይወስድም። ገዢው ስለ ቀለሙና ስለ ድምቀቱ አጥብቆ ይጠይቃል። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚሳብ፣ ሽቦውስ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ዋናው ዕቃ መብራቱ ሳይሆን ብዙዎች የሚዘሉት ትንሹ ፊውዝ ነው።

«ኤልኢዲ የሚበላው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፤ ምን ያቃጥላል?» የሚል አይጠፋም። ስለ መብራቱ ያለው ትክክል ነው። በሜትር 60 አምፖል ያለው ደማቁ ዓይነት በሜትር 14 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ ሁለት ሜትር ቢለጠፍ በ12 ቮልት 2.4 አምፔር ያህል ቢስብ ነው። እሳቱ የሚመጣው ግን በሌላ በኩል ነው። የመኪናው ቦዲ ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ከኮፈኑ ሥር ወደ ውስጥ የገባው ቀጭን ሽቦ የላሜራው ቀዳዳ ላይ ጎሚኒ ካልተደረገለት በየጉድጓዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከስለቱ ጋር ይፋተጋል። አንድ ቀን ልባሱ ተልጦ መዳቡ ላሜራውን ሲነካ ኮንታክት ይፈጠራል። ያኔ ኤሌክትሪኩ በመብራቱ ማለፉ ይቀርና ባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ወደዚያች ሽቦ ሊለቅ ይችላል። ሽቦዋ በሰከንዶች ውስጥ ትግላለች፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ አጠገቡ ያለው ምንጣፍም ይያያዛል። ለሁለት ሜትር መብራት ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ቢኖር ኖሮ ገና ሲጀምር ይቆርጠው ነበር። ከባትሪው አጠገብ የተባለው በምክንያት ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ ፊውዙ አይጠብቀውም።

«ከፓርኪንግ መብራቱ ሽቦ ከቀጠልኩት የመኪናው ፊውዝ ይበቃኛል» የሚል መከራከሪያም አለ። ይህኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ምንም ፊውዝ ከሌለው በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን ያ ፊውዝ የተመጠነው ለመኪናው ለራሱ ሽቦ ነው። ባለ 10 ወይም ባለ 15 አምፔሩ እስኪቆርጥ ድረስ የጥቅልሉ ፀጉር መሳይ ሽቦ ቀድሞ ሊነድ ይችላል። ቢቆርጥም የኋላ መብራትዎ አብሮ ይጠፋል፤ በጨለማ ከኋላ ለሚመጣ ሲኖትራክ አይታዩም ማለት ነው።

የመብራቱ ዕድሜም ከዚሁ ከአገጣጠሙ ጋር የተያያዘ ነው። በነጩ ጥቅልል ላይ በአብዛኛው ሦስት ሦስት አምፖሎች ከአንድ ትንሽ ሬዚስተር ጋር ተሰልፈዋል። ሦስቱ ወደ 9.5 ቮልት ሲወስዱ በ12 ቮልት ለሬዚስተሩ 2.5 ያህል ይተርፈዋል። ሞተር ሲነሳ ግን መስመሩ ከ14 ቮልት ያልፋል፤ በሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈውም ወደ እጥፍ ይጠጋል። በርካሹ ጥቅልል አምፖሎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚሞቱት በብዛት ከዚህ ሙቀት የተነሳ ነው። በ24 ቮልት በሚሠራ የጭነት አይሱዙ ላይ ባለ 12ቱን በቀጥታ መግጠምማ ወዲያው ማቃጠል ነው።

ቀለምን በተመለከተ ክርክር የሚያስነሳ ነገር አይታየኝም። ቀይ ወደፊት፣ ነጭ ወደኋላ ሲበራ ሌላው አሽከርካሪ መኪናው እየመጣ ይሁን እየሄደ ይምታታበታል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይና ሰማያዊም ለአምቡላንስና ለፖሊስ ሊተው ይገባል።

መብራቱን አስገጥመው ከሆነ ዛሬውኑ ኮፈኑን ከፍተው ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳውን ቀጭን ሽቦ በዓይንዎ ይከተሉ። ፊውዝ ሳያገኙ በናስትሮ የተጠቀለለ መቀጠያ ላይ ከደረሱ፣ ሽቦውን ከባትሪው ይንቀሉና መኪናውን ወደ ኤሌክትሪሻን ይውሰዱት።