እንግሊዝኛ ቋንቋና የተመራቂዎች ሥራ ማግኘት በኢትዮጵያ

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 መሠረት የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ ይወስናሉ። እንግሊዝኛ በሕገ መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ተብሎ ባይሰየምም፣ የዲግሪ ተመራቂ ሥራ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በእርሱ ነው።

ታሪክ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ የእንግሊዞች ተጽዕኖ ስለጨመረ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከመነሻው በእንግሊዝኛ አስተማረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የሚታለፍበት ክፍል ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኦሮሚያና በትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በክልሉ ቋንቋ ሲሰጥ፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ሽግግሩ ከ7ኛ ክፍል ጀመረ። ያም ሆኖ በከተማው ያደገ ተማሪም ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚናገርበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ለምሳሌ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሰፈርና በገበያ የሚሰማው አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛና ኦሮምኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማስተማሪያው መንገድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ»፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ያዳምጣል እንጂ ስርጭቱን አስቁሞ መጠየቅ አይችልም። ፈተናዎችም በብዛት ምርጫ በመሆናቸው፣ አንብቦ መልስ የሚመርጥ ተማሪ ሳይጽፍና ሳይናገር ሊመረቅ ይችላል።

በሥራ ቅጥር

ብዙ ቀጣሪዎች ሲቪና ማመልከቻ የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በባንኮች፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ቃለ መጠይቁም ብዙ ጊዜ በዚያው ቋንቋ ይካሄዳል። ሥራው የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮግራመር በዋናነት መመሪያዎችንና የስሕተት መልእክቶችን አንብቦ መረዳት አለበት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሪፖርት ይጽፋል፤ የእንግዳ ተቀባይ ደግሞ ይናገራል። በአቪዬሽን መለኪያው በግልጽ ተቀምጧል፦ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባለ 6 ደረጃ መለኪያ፣ በዓለም አቀፍ በረራ ለሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ቢያንስ 4ኛ ደረጃን ይጠይቃል።

በሌሎች ሙያዎች እንዲህ ያለ መለኪያ ስለማይኖር፣ የንግግር ቅልጥፍና የሙያ ዕውቀት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በዚህም ሙያውን የሚያውቅ ነገር ግን በቃለ መጠይቅ የሚንተባተብ ተመራቂ፣ ቋንቋውን በግል ትምህርት ቤት ካዳበረ እኩያው ኋላ ሊቀር ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎችም የተግባቦት እንግሊዝኛ ኮርስ ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የሙያ ዕውቀትን የሚመዝን ቢሆንም ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርቡ የማንበብ ችሎታም ውጤቱን ይነካል፤ መናገርንና መጻፍን ግን አይለካም።