የሚያደነዝዝ መርፌ በእንስሳት ደምና ጉበት ላይ ስለሚሠራው ሥራ

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ በጉ ቈስሎ መሰፋት ቢያሻው፥ ወይም ላሙ መውለድ አቅቷት ጎኗ መከፈት ቢያስፈልግ፥ የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል። ዛሬ በብዙ የሚሠራበት ሊዶካይን ነው፤ ይህንም በ1943 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ አዘጋጀው። የሚደነዝዘው የተወጋው ሥፍራ ብቻ ስለሚመስል፥ መድኃኒቱ ከዚያ የማያልፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ነርቭ ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሶዲየም በጥቃቅን በሮቹ ሲገባ ነው። መድኃኒቱ እነዚህን በሮች ይዘጋል። ነገር ግን የትንንሾቹን የደም ሥሮች ጡንቻ ደግሞ ያላላልና ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ደም ይበዛል፤ የበዛውም ደም መድኃኒቱን እየጠረገ ወደ ልብና ወደ አንጎል ይወስደዋል። ስለዚህ በአንዳንዱ ብልቃጥ አድሬናሊን ይጨመርበታል፤ እርሱ የደም ሥሮቹን ያጠብባልና መድኃኒቱ በሥፍራው ይቈያል። በጆሮ፥ በጅራትና በጡት ጫፍ ግን አድሬናሊን ያለበትን መውጋት አይገባም፤ ደም ቢቋረጥ ሥጋው ይሞታልና።

ወደ ደም የገባውን ሊዶካይን የሚያፈርሰው በተለይ ጉበት ነው። የቀድሞው ፕሮካይን በደም ውስጥ ይፈርስ ነበር፤ ሊዶካይን ግን ደሙ ወደ ጉበት እስኪያደርሰው ይጠብቃል። ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም የደከመ እንስሳ ወደ ጉበቱ የሚሄደው ደም ስለሚያንስ፥ መድኃኒቱ በሰውነቱ ይቈያል። በፎገራ ረግረግና በውሃ ገብ ግጦሽ የሚውል መንጋ ደግሞ የጉበት ትል ያገኘዋል። የዐይኑ ውስጥ የነጣ፥ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ በግ ጉበቱ የተጐዳ ሊሆን ይችላልና መጠኑ ይቀነስለት።

ለጤነኛ በግ ጥንቃቄ ያለበት መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 4 ሚሊግራም ነው። ከመቶ 2 የሆነው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ይይዛል። እንግዲህ 20 ኪሎ ለሚመዝን የፋርጣ በግ ከ4 ሚሊ ሊትር ማለፍ አይገባም። 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ምንም የማይሆነው 10 ሚሊ ሊትር፥ ለዚህ በግ በኪሎ 10 ሚሊግራም ይሆንበታል። በጉ ይንቀጠቀጣል፥ ይወድቃል፤ ቀጥሎም የልቡ ምት ይዘገያል፥ የደሙም ግፊት ይወርዳል። ባለቤቱ ቡዳ በላው ሊል ይችላል፤ የተወጋውን ሚሊ ሊትር መቍጠር ግን ይቀድማል።

ሰፊ ሥፍራ ማደንዘዝ ሲያስፈልግ፥ መድኃኒቱን በንጹሕ የጨው ውሃ እኩል ለእኩል ማቅጠን ይቻላል፤ የሚወጋው ይበዛል፥ መድኃኒቱ ግን አይጨምርም። መርፌው ከገባ በኋላ ጥቂት ወደ ኋላ ይሳብ፤ ደም ቢታይ ሥፍራው ይለወጥ። የወረዳው መጋዘን ጠባቂም አድሬናሊን ያለበትን ብልቃጥ ከሌላው ለይቶ፥ ብርሃን በማያገኘው ሥፍራ ያኑር።