ጥላው ለማን? ፀሐዩ ለማን?

ቃል ከኑሮ ተነጥሎ አይወለድም። ሰው በሥራው፣ በገበያውና በመዝናኛው ቦታ የሚያወጣው ስም ሁሉ የማኅበራዊ ኑሮውን ማኅተም ይዞ ይወጣል። በስታዲየም ተመልካች የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ስምም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። የቀበሌው ነዋሪና ከፈረቃው የወጣው ወዛደር ዘወትር የሚጠራቸውን እነዚህን ስሞች ጠጋ ብሎ መመርመር ተገቢ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ የአዲስ አበባን ስታዲየም እንመልከት። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በዚህ ሜዳ ነበር። የመቀመጫዎቹ ስሞች በሦስት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው ከላይ የተሰጠው «ክቡር ትሪቡን» ነው። ትሪቡን በፈረንሳይኛ የከፍታ መቀመጫ ሲሆን፣ የቃሉ ዘር የሮማ ሹማምንት ከሕዝብ ከፍ ብለው ከሚሰየሙበት መድረክ ይመዘዛል። ሁለተኛው «ጥላ ፎቅ» ነው። ይህ ማዕረግ አይናገርም፤ የሚሸጠውን ሸቀጥ፣ ማለትም ጥላን፣ ብቻ በግልጽ ይናገራል።

ሦስተኛው ወገን ሰፊው ተመልካች ራሱ ያወጣው ነው። ካታንጋ የተባለው የኮንጎ ክፍለ ሀገር ከሐምሌ 1952 እስከ ጥር 1955 ዓ.ም. ተገንጥሎ በነበረበት ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተው ነበር። የዚያ ዘመን ወሬ በስታዲየሙ «ካታንጋ» ሆኖ ቀረ። «ዳፍ ትራክ» የሆላንዱን የጭነት መኪና ስም ይዞ መጣ። «ሚስማር ተራ» የመርካቶን ሸማ ተራና ቆርቆሮ ተራ ስያሜ ይከተላል። «ከማን አንሼ» ግን ከስምነት አልፎ የተቃውሞ ቃል ነው፤ ከባለጥላው አላንስም የሚል የሰውነት ጥያቄ በውስጡ አለ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። እነዚህ የጨዋታ ስሞች ውለው አድረው በመግቢያ ዋጋ ማስታወቂያ ላይ የታተሙ ሕጋዊ ስሞች ሆነዋል። ሕዝቡ ሰየመ፤ ጽሕፈት ቤቱ ተቀበለ። የዋጋው መሰላል ግን በስም አልፈረሰም። ከክቡር ትሪቡን ወደ ሚስማር ተራ በወረድን መጠን ዋጋው ይቀንሳል፤ ጥላውም አብሮት ይቀንሳል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በስፔን የበሬ ፍልሚያ ሜዳዎች ትኬት የሚሸጠው «ፀሐይ» እና «ጥላ» ተብሎ ተለይቶ ሲሆን ውዱ ጥላው ነው። አሜሪካኖችም ጣሪያ የሌለውን ርካሽ መቀመጫ የሚጠሩበት ቃል በፀሐይ መንጣትን ከሚያመለክት ግሥ የተገኘ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ ነገሩ ከቃል አልፎ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር በተወለደችው ከተማ ጥላ ከጥንቱ ተከፋፍሎ ነበር። የባቡሩ ኩባንያ ሹማምንት በሰፈሩበት በከዚራ መንገዶቹ በዛፍ ተሸፈኑ፤ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን በፀሐይ ስር ገበያውን አደራ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን የደገፈው በዚያው ፀሐይ የኖረ ሠራተኛ ነው። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት በድሬዳዋ ነበር፤ በውድድሩ ፍጻሜ ዋንጫውን የወሰደችውም ከዚሁ ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ናት። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድም ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች።

በመሆኑም ሁለት ተግባራት ከፊታችን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ስሞቹን መመዝገብ ነው። ስታዲየሞች ሲታደሱና አዳዲሶች ሲገነቡ «ቪ.አይ.ፒ.» የሚለው ባዕድ ስያሜ እየተስፋፋ ነው፤ ሕዝቡ ያወጣቸው ቃላት ሳይጻፉ ከቀሩ ከተናጋሪዎቻቸው ጋር ይጠፋሉ። የቀበሌ ማኅበራት የከዚራንና የመጋላን አረጋውያን፣ የምድር ባቡሩንና የፋብሪካውን ጡረተኞች እየጠየቁ ድሬዎች የየራሳቸውን መቀመጫ ምን ብለው እንደጠሩ በደብተር ሊያሰፍሩ ይገባል።

ሁለተኛው ተግባር ከስም ወደ ነገሩ መሸጋገር ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ጣሪያ የክብር ጌጥ ሳይሆን የጤና ጥበቃ ነው። ስለ ስታዲየም ሥራ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ነዋሪው በመጀመሪያ ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ የክቡር ትሪቡኑ ወንበር ምን ያህል ይለሰልሳል የሚለው ሳይሆን፣ በርካሹ ትኬት የሚገባው ሰው ስንት ሜትር ጥላ ያገኛል የሚለው ነው።