የጋራ ልክ፦ ኮምፒውተርን በቤት የመገጣጠምና የማሻሻል ዳሰሳ

የአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የጎን ክዳን ሲነሣ ውስጡ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አይደለም። ፕሮሰሰሩ የአሜሪካው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ ማዘርቦርዱ የታይዋኑ ኤሱስ ወይም ጊጋባይት፣ ራሙ የኮሪያው ሳምሰንግ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ገበያ ላይ የሚተናነቁ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ዕቃዎቻቸው ግን እርስ በርስ ይገጥማሉ። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር መሥራት፣ የዛሬ አምስት ዓመት የገዛውንም ሳይጥል ማሻሻል የቻለው በዚህ ነው። ስለ መገጣጠም ሲወራ አብዛኛው ጨዋታ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ነው። ለእኔ ከሁለቱም የሚቀድመው የልክ ጥያቄ ነው፦ ልኩ የሁሉም ነው ወይስ የአንድ ድርጅት?

መጀመሪያ ላይ ልክ የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800ን ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከ500 ዶላር ባነሰ ዋጋ የሚላከው የተበታተነ ዕቃ ነበር፤ ገዢው አንድ በአንድ እየበየደ ራሱ ይገጣጥመዋል። ሲያልቅም ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ፊቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማዘዝና መልሱን ከሚበሩት ትንንሽ መብራቶች ማንበብ ነው። ሜሞሪው 256 ባይት ብቻ ስለነበር ይህን አንቀጽ እንኳ አይዝም። እንዲያም ሆኖ ተወደደ። በዚያው ዓመት መጋቢት፣ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ በአንድ ጋራዥ መሰብሰብ የጀመረው የሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ መነሻው ይኸው ዕቃ ነበር፤ ስቲቭ ዎዝኒያክም የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ሲነድፍ የተነሣው እዚያ ካየውና ከሰማው ነው።

ዛሬ የምንጠቀምበት ልክ የመጣው ግን ካልተጠበቀ ቤት ነው። አይቢኤም ሁሉን በራሱ በመሥራት የታወቀ ድርጅት ነበር። በነሐሴ 1981 ያወጣውን ፒሲ ግን በአንድ ዓመት ገደማ ለማድረስ ስለቸኮለ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ሶፍትዌሩን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ማዘርቦርዱ ላይ የሌሎች ድርጅቶች ካርድ የሚገባባቸው አምስት ስሎቶች ተወ፤ የሰርኪዩቱን ንድፍ የያዘ መመሪያም አሳትሞ ሸጠ። የራሴ ብሎ የያዘው ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣውን ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ነበር። ኮምፓክ የተባለ ተፎካካሪ ድርጅት የአይቢኤምን ኮድ ያላዩ መሐንዲሶች ተመሳሳዩን ከባዶ እንዲጽፉ አድርጎ ያንንም አለፈው።

በ1987 አይቢኤም በሩን መልሶ ሊዘጋ ሞከረ። ፒኤስ/2 በተባለው ማሽኑ ስሎቱን ቀየረና መጠቀም የፈለገ ድርጅት ሁሉ የፈቃድ ክፍያ ይክፈል አለ። በዓመቱ ኮምፓክ የመራቸው ዘጠኝ ድርጅቶች የድሮ ካርዶችን የሚቀበል የራሳቸውን ስሎት ይዘው ብቅ አሉ። የእነሱም ስሎት ከሰርቨሮች አልፎ እምብዛም አልተስፋፋም፤ የአይቢኤም ሙከራ ግን በዚያው ከሸፈ። ቀጥሎ ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ልክ የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታና የፓወር ሰፕላዩን ነገር ወሰነ። 305 በ244 ሚሊሜትር የሆነው ያ ሰሌዳ ዛሬም ይሠራል፤ የ1990ዎቹ መጨረሻ ኬዝ ውስጥ የዘንድሮን ማዘርቦርድ ማሰር ይቻላል፣ አየር ባይበቃውም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በሁሉም ይገባል ማለት አይደለም። ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት አሁንም የአምራቹ ነው፤ ልዩነቱም ኪስ ድረስ ይዘልቃል። ኢንቴል በ2015፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2024 የዴስክቶፕ ሶኬቱን ቀይሯል። ኤኤምዲ በአንጻሩ ኤኤም4 የተባለውን ለዓመታት ስላቆየው፣ በ2017 ማዘርቦርድ የገዛ ብዙ ሰው ባዮሱን አድሶ በ2022 የወጣውን ፕሮሰሰር ሊሰካበት ችሏል። ለማሻሻል አስቦ የሚገዛ ሰው የዛሬውን ፍጥነት ከማነጻጸሩ በፊት ሶኬቱ ገና ዕድሜ እንዳለው ቢጠይቅ ይሻለዋል። ራም ላይ ነገሩ ቀላል ነው፦ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ቢጠጋጉም ከታች ያለው ጎድጓዳ ቦታው ስለተለያየ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ካልገባ አይገፋም፣ ያ ነው።

ማሽኑ አሮጌ ሆኖ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ ይገዛ። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ በሳታ ኬብል የሚገናኝ ኤስኤስዲ 550 ገደማ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ደግሞ በሺዎች ያነባል። ልዩነቱን የሚያመጣው ግን ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ፋይሎች የተበታተኑ ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ እነሱን ለመልቀም ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ያመላልሳል፣ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ለዚህ ነው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሻገር ማሽኑን አዲስ የሚያስመስለው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ መሻገር ግን ለቢሮ ሥራ ብዙም አይታወቅም።

ሰው የሚስተው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲመርጥ የሚያድር ሰው ለዚህ ሲደርስ ርካሹን ያነሣል። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ይህ አያዋጣም፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣውን ጭማሪ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው፣ ደካማ ከሆነ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል። ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ከዲቫይደር ጋር የሚቆጠሩ ትርፍ ዕቃዎች አይደሉም። ከአሜሪካ ዘመድ ላመጣው አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ብዙዎቹ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። አዳዲሶቹ ሁለቱንም ራሳቸው ያውቃሉ።

አዲስ አበባ ላይ የሚገጣጥም ሰው ሊያስብበት የሚገባ፣ የውጭ መመሪያዎች የማያነሡት ነገርም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያስወጣው በአየር ነውና ያው ፋን እዚህ ያነሰ ይሠራል። የከተማዋ ብርድ በከፊል ያካክሰዋል፤ አቧራው ግን መልሶ ይወስደዋል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ሲደርቅ መቀየር፣ ፋኑን በየጊዜው ማጽዳት ከብዙ ግዢ ይበልጣል።

ሌላው የአገር ቤት ጉዳይ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ ስለሚመጣ፣ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ራምና ኤስኤስዲ መጨመር ለብዙዎች አዋጪው መንገድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፦ ትልልቅ አምራቾች ለቢሮ በሠሯቸው በብዙዎቹ ማሽኖች የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያና የማዘርቦርዱ ቅርጽ የራሳቸው ነው። ከኤቲኤክስ የወጣ ማሽን ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ተኪው በቀላሉ አይገኝም።

ማሽኑን ከአገልግሎት የሚያወጣው ብልሽት ብቻም አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፣ ከጥቂቶቹ በቀር ከ2017 ወይም ከ2018 በፊት የወጡ ፕሮሰሰሮችንም አይቀበልም። ደኅና የሚሠራ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ብቻ ለሚጣልበት ሰው ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ይበቃል።

የልክ ክርክር አሁን ወደ ላፕቶፕ ዞሯል። አፕል በ2012 ባወጣው ባለ ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ራሙን ማዘርቦርዱ ላይ በየደው፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ ገዢው ከሱቅ ይዞት የወጣው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። በ2021 ፍሬምወርክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ባለቤቱ ፈትቶ የሚቀይረው ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ደስ ያለው ለዚህ ነበር። ይኸው ድርጅት በ2025 ዴስክቶፕ ሲያስተዋውቅ ግን ራሙ የተበየደ ሆኖ ተገኘ፤ የመረጠው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚፈልገውን ፍጥነት በሚነቀል ራም ማግኘት አልተቻለም የሚል ነበር ምክንያቱ። ስለዚህ መበየድ ሁሉ ተንኮል ነው ማለት አይቻልም፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ምልክቱ ይጠራልና። የራም ልክ የሚያወጣው ጄዴክ በታኅሣሥ 2023 ካም2 የተባለ፣ በብሎን የሚታሰር ስስ የራም ሰሌዳ ልክ ይፋ አድርጓል። እስካሁን የተቀበሉት ላፕቶፖች ግን ጥቂት ናቸው።