የጋሼ ቤልጅግ

ብስራተ ገብርኤል፣ አጎቴ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጋሼ ከጓዳ አንድ ረጅም ጥቅል ይዘው መጡ፤ አቡጀዲውን ፈተው ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና «ይህን ምንሽር ልሸጠው ነው» አሉኝ።

ገዢ አግኝተዋል። በገንዘቡ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሊገዙ አስበዋል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ጉልበታቸው ደክሟል፤ አባታቸው ሳላና ድኩላ ያደኑበት የአዋሽ ሜዳ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አራት ኪሎ የሚጠጋ ብረትና እንጨት እያነሱ ማጽዳት ሰልችቷቸዋል። «ሽጉጥ ቀላል ነው፤ ትራስ ሥር ያድራል» አሉ። ልጅ በሚሯሯጥበት ቤት ትራስ ሥር የሚያድር መሣሪያ እንደማያስተኛኝ ነገርኳቸው። ዓይኔ ግን የጠመንጃው ሆድ ላይ ቀርቶ ነበር።

ጠመንጃው ምንሽር አልነበረም።

ጠመንጃ እንዴት እንደሚተኩስ ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም፤ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ ጋዙ እርሳሱን ይገፋል፣ በቃ። የስሙ ነገር ግን ዕድሜ ልኬን ሲያብከነክነኝ የኖረ ነው። አያቶቻችን የባዕድ ስም ሲሰሙ በራሳቸው አፍ አላምጠው የራሳቸው ያደርጉት ነበር። ስናድር ያሉት የአሜሪካዊውን የጄኮብ ስናይደርን ስም ነው። ውጅግራ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን፣ ግራ ደግሞ የ1874 እ.ኤ.አ.ን ሞዴል ያወጣው የጦር መኮንን ስም ነው። 11 ሚሊ ሜትር የሆነውና አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ይህ ጠመንጃ ዓድዋ ዘምቷል። ምንሽርም የኦስትሪያዊው መሐንዲስ የፈርዲናንድ ማንሊኸር ስም ነው። ቤልጅግ ግን የሰው ስም አይደለም። የአገር ስም ነው፤ በሊዬዥ አጠገብ፣ ሄርስታል ላይ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፋብሪክ ናሲዮናል የሠራው ጠመንጃ ነው።

ከእነዚህ ስሞች ውስጥ ምንሽር ከልኩ በላይ ሰፋ። አምስት የጎረሰ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ተባለ። ሻጩም ገዢውም፣ ፎካሪውም ወራሹም እንዲያ ይለዋል። ከቃል ጉድለት አልፎ ጉዳት ባያመጣ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ።

ለመለየት ምንም ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ሆዱን ማየት ነው። ከምንሽር ዓይነቶች አብዛኞቹ ሆዳሞች ናቸው፤ ካዝናው ከምላጩ ፊት ከእንጨቱ ወጥቶ ቁልቁል ይታያል። አምስቱ ጥይቶች በአንዲት ቀጭን የብረት ማቀፊያ ተይዘው ይገባሉ፤ ማቀፊያዋም አብራ ትገባና እዚያው ትቀመጣለች። ተኳሹ የመጨረሻውን ጥይት ሲያቀባብል፣ ሥራዋን የጨረሰችው ማቀፊያ ካዝናው ሥር ባለው ቀዳዳ መሬት ላይ ጠብ ትላለች። በጣም ፈጣን ነው፤ በአንድ ግፊት አምስት ጥይት መጉረስ በዘመኑ ተአምር ነበር። የ1895ቱ ሞዴል ማቀባበያ ደግሞ መጠምዘዝ እንኳን አያስፈልገውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ነገር ግን ማቀፊያዋን የሚያስወጣው ቀዳዳ ጭቃና አቧራ ያስገባል። ማቀፊያዋ ከጠፋች ደግሞ አምስት ጎራሹ ወደ ውጅግራ ዘመን ይመለሳል፤ ጥይት አንድ በአንድ እየጎረሰ ይተኩሳል።

ቤልጅግ ሆድ የለውም። አሠራሩ የጀርመኖቹ የማውዘር ነው፤ የ1898ቱ። አምስቱ ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ግራና ቀኝ ተሰባጥረው በሁለት ረድፍ ስለሚተኙ፣ የታችኛው ክዳን ከእንጨቱ ጋር እኩል ነው፤ እጅ ሲዳብሰው ምንም አያደናቅፈውም። ጥይት የሚይዘው ብረት እዚህም አለ፤ ግን ውስጥ አይገባም። ከላይ ይሰካል፣ አውራ ጣት ጥይቶቹን ቁልቁል ይገፋቸዋል፣ ብረቱ ይጣላል። ብረቱ ባይኖርም ጣት ይበቃል፤ ሁለት ተኩሶ ሁለት መተካት ይቻላል። ቀዳዳ የሌለው፣ ማቀፊያ የማይለምን፣ ጭቃ የማይፈራ ጠመንጃ ለእኛ አገር ምን ያህል እንደሚስማማ ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያሻም።

ጋሼን ጨርቅ ጠየቅኋቸው። አፈሙዙ ከአካሉ በሚጋጠምበት ላይ የተጋገረውን የድሮ ዘይት በቀስታ ስጠርገው የይሁዳ አንበሳ ብቅ አለ።

በጥር 1922 ዓ.ም. የቤልጅየም መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ አዲስ አበባ ገቡ። የሄርስታሉ ፋብሪካም በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ መንግሥት ምልክት የተቀረጸበት አጭር ጠመንጃ ሠርቶ ሸጠልን። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን መረብን ተሻገረ፤ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ክቡር ዘበኛ ከጠላት ጋር ተናነቀ። የጋሼ አባት ጠመንጃውን ከዚያ ጦርነት ከተመለሰ ዘመዳቸው ተቀብለው አምስቱን የአርበኝነት ዓመታት እንዳሳለፉበት በቤተሰቡ ይነገራል። አደኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙን መሳት ጉዳት ያመጣል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ገዢው «የምንሽር ጥይት ካለዎት አብሮ ይሁንልኝ» ብሏል። የድሮው የኦስትሪያ ምንሽር ጥይት 8 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ የቤልጅጉ 7.92 ነው። በቁጥር ተቀራራቢ ናቸው፤ በቅርጽ ግን ይለያያሉ። የምንሽሩ ቀልሃ መቀመጫው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ የቤልጅጉ ከንፈር የለውም፣ ዙሪያውን ቦይ ነው። አንዱን ከሌላው ለማጉረስ የሚታገል ሰው ቢቀናው ጥይቱ አይገባለትም፤ ባይቀናው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። በስም ብቻ ጥይት የሚገዙ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ፤ ቀልሃው ቂጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ዝገት ለማስለቀቅ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግም አለ። እንዲህ ስንት አንበሳ ተፍቆ ጠፍቷል! ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃል። በሠርግ ሽቅብ የሚተኩሰውማ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል፤ ሽቅብ የወጣ እርሳስ የሚያርፈው የሰው ጣራ ላይ፣ የሰው ራስ ላይ ነው።

ስድስት ጎራሹን መናቄ አይደለም። ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. መብቱን በአሜሪካ ያስመዘገበበት ያ ተሽከርካሪ የጥይት ቤት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፣ መንኮራኩሩ ቀጣዩን ያመጣል። ለአደን ግን አይሆንም። የተለመደው 38 ካሊበር ሽጉጥ እርሳሱን በሰከንድ ከ300 ሜትር በታች ሲወረውር፣ ቤልጅጉ ከ700 ሜትር በላይ ይልከዋል። በዚያ አጭር አፈሙዝ ድኩላ ላይ መተኮስ እንስሳውን አቁስሎ ለጅብ መስጠት ነው። ጋሼ ደግሞ ዛሬ አያድኑም፤ ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ነው? ይህን ጠየቅኋቸው፤ ስኒያቸውን አዙረው ዝም አሉ።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ያስጠይቃል። ጋሼ ለጠመንጃው ፈቃድ አላቸው። ወረቀቱን አውጥተው አሳዩኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ዓይነት በሚለው መስመር ላይ ግን «ምንሽር» ተብሎ ተጽፏል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንበሳውን በጣታቸው ዳበሱት። «አባቴ ‹አንበሳውን አምጣልኝ› ይሉኝ ነበር» አሉ። «ለፉከራ ያወጡለት ስም ይመስለኝ ነበር። ይህን ነበር እንዴ?»

ገዢው በዚያው ደወለ። ጋሼ «ገና ነው፣ ልጄ» ብለው ዘጉት። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዘን ሄደን ስሙን ልናስተካክል ተቀጣጥረናል።