ያውቁ ኖሯል? በ16 ድምፅ የቀረው የቶከላው «ነፃ ትስስር»
በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘው ቶከላው የኒውዚላንድ ግዛት ሲሆን፣ አውሮፕላን ማረፊያ በሌላቸው፣ ከሳሞአ ተነሥቶ ከአንድ ቀን በላይ በመርከብ ተጉዞ በሚደረስባቸው 3 የኮራል ደሴቶች ላይ 1,500 ያህል ሰዎች ይኖሩበታል። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 «ነፃ ትስስር» ለተባለው ሥርዓት፣ ማለትም አንድ ሕዝብ ራሱን በራሱ እያስተዳደረ እንደ መከላከያ ያሉትን ጉዳዮች በስምምነት ለቀድሞው ገዥ አገር ለሚተውበት አደረጃጀት፣ ድምፅ እንዲሰጡ ተጠርተዋል። በሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ 446 ሰዎች ሲደግፉ 246 ብቻ የተቃወሙ ቢሆንም፣ ለማጽደቅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ሐሳቡ በ16 ድምፅ ጉድለት ወደቀ፤ ተራ አብላጫ ቢበቃ ኖሮ በሁለቱም ጊዜ ይጸድቅ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን፣ በቅኝ ግዛት ታሪክ ከተለመደው በተቃራኒ፣ ገዥዋ ኒውዚላንድ ለውጡን ስትደግፍ ያመነታው የሕዝቡ ክፍል መሆኑ ነው። በኒውዚላንድ የሚኖሩት የቶከላው ተወላጆች በደሴቶቹ ካሉት በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሆነው ሳለ በድምፅ አሰጣጡ አልተካፈሉም። ቶከላውም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ ራሳቸውን ከማያስተዳድሩ ግዛቶች መዝገብ እስካሁን አልተፋቀም።