«እማዬ፣ ለክረምቱ ምን ላስይዛቸው?»

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስልኬ ይጮኻል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት። ሰላምታው ሲያበቃ የምታነሳው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ነው፦ «እማዬ፣ ልጆቹን ምን ላስይዛቸው?»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ጎብዬ ይመጣሉ። ጎብዬን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆቦ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ተራራው ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ እስከ ዞብል ተራሮች ድረስ ይዘረጋል። እኔም በነርስነት ዲፕሎማ ይዤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያ ካገለገልኩ በኋላ ጡረታ ወጥቼ እዚሁ እኖራለሁ።

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ግን ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው አሳቀን፤ ሁለተኛው አስለቀሰኝ። ልጆቻችሁን ወደ አያቶቻቸው የምትልኩ ወላጆች፣ የልጅ ልጆቻችሁን የምትቀበሉ አያቶችም ከእኔ ስህተት ትማሩ ዘንድ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

በሹራብ የተሞላው ሻንጣ

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ወደ ራያ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ወንዱ የልጅ ልጄ የስድስት ዓመት፣ እህቱ የአራት ዓመት ልጆች ነበሩ። ልጄ ጎብዬ ተወልዳ ብታድግም ብዙ ዓመት የኖረችው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ክረምት ሲባል የሚታያት የዚያው ከተማ ክረምት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደመና፣ ጭቃ፣ ከብርድ ልብስ የማያስወጣ ቅዝቃዜ።

ሻንጣቸውን ስከፍተው ወፍራም ሹራብ፣ ባለ ቆብ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያና የላስቲክ ቦት ጫማ ብቻ ነበር የሞላው። ስስ ልብስ ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ከውስጥ ለብሰውት የመጡትን ካናቴራ ነው። በሦስተኛው ቀን የትንሿ አንገትና ጀርባ በሙቀት ሽፍታ ተሞላ። ገበያ ወጥተን ቀጫጭን የጥጥ ልብስ ገዛንላቸው። ሹራቦቹን ግዳን፣ ደጋው ላይ ለሚኖሩ የዘመዶቻችን ልጆች ላክናቸው፤ የተጠቀሙባቸው እነሱ ናቸው። እኛም ስቀን አለፍነው።

«ቁምጣ ይበቃቸዋል»

በዓመቱ ስልኩ ሲደወል መልሴ ተዘጋጅቶ ነበር። «ልጄ፣ ጎብዬ ቆላ መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ቁምጣና ካናቴራ ይበቃቸዋል» አልኳት። ልጄም የእናቷን፣ ያውም የነርሷን እናቷን ቃል አምና እንዳልኳት አደረገች።

ከአዲስ አበባ የተነሱት ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ጣርማበር ሲደርሱ ጉሙ ከመኪናው ፊት ያለውን መንገድ አያሳይም ነበር። ወንዱ ልጅ በቁምጣው ይንቀጠቀጣል፤ አባቱ ጃኬቱን አውልቆ ሸፈነው። ደሴ ላይ ደግሞ ዝናብ ጠበቃቸው። ጣሪያ ላይ የተጫነው ሻንጣ ሸራ አልለበሰም ነበርና እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቅያሪ ልብሳቸው ሁሉ ርሷል። የመጀመሪያው ሳምንት በሳል አለፈ።

ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹ ደስ ብሏቸው ከረሙ። አንዳንድ ማታ ቤቱ ሲታመቅ ወንዱ ልጅ «እማማ፣ በረንዳው ላይ እንተኛ» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። አጎበሩ ያለው ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ነው፤ ልጁ ግን በረንዳው ላይ በቁምጣ ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእናቶች «ልጆቻችሁን አጎበር ውስጥ አስተኙ» እያልኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። የልጅ ልጅ ሲለምን ግን ነርስነት ይረሳል፤ አያትነት ብቻ ይቀራል።

በጳጉሜን መጀመሪያ ተመለሱ። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ልጁ አተኮሰው። ሰፈራቸው ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ማስታገሻ ተሰጠው። ወቅቱ የጉንፋን ነው፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም፤ ልጄም መናገር እንዳለባት አላሰበችም። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይተኩሳል፣ ከዚያ በላብ ይጠመቃል» ስትለኝ እግሬ ከዳኝ። «አሁኑኑ ደሙን ያስመርምሩት፤ ከቆላ ነው የመጣው በያቸው» አልኳት። ውጤቱ ወባ ነበር። መድኃኒቱን ጀመረና እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እነዚያን ሌሊቶች ግን እኔ እንዴት እንዳደርኩ አያት የሆነ ያውቀዋል።

ወሩ አንድ፣ አየሩ ብዙ

በኋላ ተቀምጬ ሳስበው የሁለታችንም ስህተት አንድ ነበር። ልጄ ሻንጣውን የሞላችው በምትነሳበት አገር አየር ነው፤ እኔ ደግሞ በምትደርስበት አገር የቀን ሙቀት። በመሐል ያለውን መንገድና ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለውን ሰዓት ሁለታችንም አላሰብንበትም።

በአገራችን ብርድና ሙቀትን የሚወስነው ከወሩ ይልቅ ከፍታው ነው። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ ውስጥ የአሥር ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ ስንወጣ እንደገና እንፈልገዋለን፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናትና። ከዚያ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ በመጨረሻም ቆላው የራያ ሜዳ። ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ደጋ፣ ሁለት ጊዜ ቆላ ገባ ማለት ነው።

የራያ ዝናብም እንደ አዲስ አበባው አይደለም። ቀኑ በፀሐይ ይውላል፤ ወደ ማታ ደመናው ከተራራው ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወርደውና ያባራል። ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል የሚቀርበትም ጊዜ አለ። አንዳንዴ ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ምዕራቡ ተራራ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ በደረቁ ወንዝ ይወርዳል። ገበሬው እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣበታል፤ ለከተማ ልጅ ግን አደጋ ነው። እናም አያቶች፣ ተራራው ከጠቆረ ልጆቹ ከአሸዋማው የወንዝ መውረጃ ይውጡ። ጫማ ተረስቶ ከሆነ ይቅር፤ ጫማ ይገዛል።

ሦስት ከረጢት

ከዚያ ወዲህ ለልጄ የምነግራት አንድ ሻንጣ እንዳትሞላ ነው። ልብሱን በሦስት ትከፍለዋለች፤ የመንገድ፣ የቀንና የማታ።

የመንገዱ ከረጢት ጣሪያ ላይ አይጫንም፤ ከእጅ አይለይም። ልጁ ስስ ካናቴራ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይለብሳል። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል፤ በመሐላቸው የሚቀረው አየር ያሞቃል፤ ሲሞቅም አንድ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ፣ አንድ ሙሉ ቅያሪና ጋቢ ይጨመርበት። ጋቢ ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ መጋረጃም ይሆናል። ቅያሪው የሚያስፈልገው የረጠበ ልብስ የገላን ሙቀት ስለሚወስድ ነው፤ ልጅ ከረጠበ «ሰውነቱ ላይ ይደርቃል» አይባልም፤ ወዲያው ይቀየርለታል። ጣሪያ ላይ የሚጫነው ልብስ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ በፌስታል ይጠቅለል።

ሕፃን የያዛችሁ እናቶች፣ የሕፃኑ እጅና እግር ቀዘቀዘ ብላችሁ አትደራርቡበት። ብርድና ሙቀቱን የምታውቁት ማጅራቱን ወይም ደረቱን በመዳሰስ ነው። ማጅራቱ ካላበው አንድ ልብስ አውልቁለት። ደጋ ላይ የተጠቀለለ ሕፃን እንደተጠቀለለ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መልኩ ቀልቶ፣ አልቅሶ፣ ውሃ ተጠምቶ ነው።

የቀኑ ከረጢት ቀላል ነው። ሰፋ ያሉ የጥጥ ካናቴራዎች፣ ቁምጣ፣ ለሴቶቹ ስስ ቀሚስ፣ ጥላ ያለው ባርኔጣ። አራት አምስት ቅያሪ ይበቃል፤ በራያ ፀሐይ የታጠበ ልብስ ቶሎ ይደርቃል። ለእግር ከሸራ ጫማ ይልቅ ውሃ የማይዝ የፕላስቲክ ሰንደል ይሻላል፤ የረጠበ ሸራ ጫማ የልጆችን የእግር ጣቶች መሐል ያቆስላል። ስስ የዝናብ ልብስ አንድ ትሁን። በዚህ ከረጢት የሴቶቹ ልጆች የአገር ልብስም አይረሳ። ነሐሴ 16 በእኛ በራያ ቆቦ ሶለል ነው፤ ላስታዎች አሸንድዬ፣ ዋጎች ሻደይ የሚሉት። ከአክስቶቿ ልጆች ጋር የምትጨፍር ልጅ በጂንስ ሱሪ ከዳር ቆማ ማየት የለባትም።

የማታው ከረጢት ከሁሉም ይበልጣል። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ይታጠቡና ልብስ ይቀይራሉ፤ ስስ ግን እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ፣ ስስ ካልሲ። ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ አይሆንም፤ ትንኟ በላዩ ትናደፋለችና። አሁንም ሞቋቸው በረንዳ ላይ መተኛት ከፈለጉ ይተኙ፤ ግን አጎበሩም አብሮ ይወጣል። እኔ በረንዳዬ ላይ አራት ሚስማር አስመትቻለሁ። ዋጋው ከአንድ ሹራብ ያነሰ ነው።

ከተመለሱ በኋላ

ከጉዞ የሚመለስ ልጅ ሻንጣው ሲራገፍ ጉዳዩ ያበቃ ይመስለናል። አላበቃም። ወባ ከተናደፈ ማግሥት አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፤ አንዱ ዓይነት ደግሞ ወራት ቆይቶም ይመጣል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ስፍራ ወባማ ነው። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው፣ ነገሩ ጉንፋን ቢመስልም በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ይድረስ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ አስቀድማችሁ «ክረምቱን ቆላ ነው የከረመው፣ ደሙ ይመርመር» በሉ። ምርመራው የጣት ጠብታ ደም ነው። ይህች አንዲት አረፍተ ነገር ለእኔ የልጅ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ብትነገርለት ኖሮ ሦስት ቀን ባልተሰቃየ ነበር። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡር እናቶች ለነገ የሚያሳድሩት ነገር አይደለም።

አያቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ለእናንተ ልጨምር። የልጅ ልጅ ሲመጣ እንቢ ማለት ያቅተናል። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ልጅ ፊት ማጥቆር የሚፈልግ የለም። ግን እናትየው ልጇን ስትልክ የማታ ልብሱን ከረጢት ውስጥ ታስቀምጥ ይሆናል እንጂ ማታ አትመጣም፤ የምናለብሰው እኛ ነን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ያ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ባለፈው ሰኔ ስልኩ ሲጮህ የደወለው እሱ ራሱ ነበር። «እማማ፣ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው» አለኝ። ምን ምን እንደያዘ ጠየቅኩት። ቆጠረልኝና በመጨረሻ «ባለ ረጅም እጅጌውን ከላይ ነው ያደረግኩት፤ እንደደረስኩ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ከዚያም አጎበሩን ላጥብ ተነሳሁ።